በጨርቅ የደፈንኩት መስኮት

በደርግ ጊዜ ነው። አዋሳ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል ሠላሳ ያህል ሰው ታጭቆበታል፤ ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው፣ የሐይቁ ንፋስ በእሱ ይገባል።

ከመስኮቱ ሥር የሚተኙት ታቦር አካባቢ ሱቅ የነበራቸው አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ያስላቸዋል፣ ጎናቸውን ይወጋቸዋል፣ ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ክፍሉ በሙሉ "ብርድ ነው" አለ። እኔስ? ድሬሰር ነኝ ባዩ አብሬ "ብርድ ነው" አልኩ! መስኮቱን በአሮጌ ጨርቅ የደፈንኩት በገዛ እጄ ነው። ጋቢ ደራረብንባቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ።

ትኩሳቱ አልለቅ ሲላቸው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀርባቸውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ። ከላይ እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮሃል። ወደ ታች ስወርድ እንደ ሞላ ጀሪካን ታፈነ። ሳንባቸውን ውሃ ከቦታል።

"ከምን መጣ?" አሉኝ።

"በመርፌ ሳይሳብ አይታወቅም" አልኳቸው። መርማሪዎቹ ጎናቸውን ደብድበዋቸዋል። ደም ከሆነ ሆስፒታል የሚልካቸው የለም፤ የገዛ ዱላውን ማን ያሳያል? ሌላ ከሆነ ግን መድኃኒት አለው።

የጥበቃ ኃላፊውን ለምኜ፣ እስር ቤቱ ክሊኒክ ውስጥ ውሃውን በመርፌ ሳብኩላቸው። የወጣው ቢጫ ነው፣ ጥርት ያለ።

"ተመስገን! ደም አይደለም ጋሼ። የሳንባ ነቀርሳ ይመስለኛል። ሆስፒታል ከወሰዱዎት ይድናሉ።"

እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ይተላለፋል አይደል? ታዲያ አብረውን የታሰሩት ልጆችስ?"

እንደተመለስን ክፍሉ እንዲናፈስ ጨርቁን ከመስኮቱ ነቀልኩት። እሳቸው ከኮሌታቸው ሥር የደበቋትን መርፌ አወጡ፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ቀደዱና የአፍ መሸፈኛ ሰፉ። ስፌቱ የሠርግ ልብስ ስፌት ይመስል ነበር።

"ጋሼ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል፤ ያውልቁት" ብለን ለመንናቸው።

"እናንተ እኔን ስትሸፍኑ ከረማችሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው" አሉ።

በዚያው ቀን የጠየቅሁላቸው የሆስፒታል ፈቃድ በዘጠነኛው ቀን መጣ። እሳቸው በስምንተኛው ቀን ጠዋት መሸፈኛውን እንዳደረጉ አርፈው ነበር። አላወለቅንባቸውም።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ "ኧረ መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ይመታሃል" ትለኛለች። አልዘጋውም። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ግን ማን ይመልስልኛል?