ጠዋት የሚደርቅ ወገብ

ደሳለ ጠፍሩን ከተዘፈዘፈበት ውሃ ያወጣዋል። በጨርቅ ያደርቀዋል እንጂ ፀሐይ አያሳየውም፤ ፀሐይ ያገኘው ጠፍር ይሰነጠቃል። ኮርቻውን በጉልበቶቹ መሃል ይይዝና በወስፌ ይበሳል፤ ጠፍሩን ያሾልካል፤ በጥርሱ ስቦ ይቋጥራል። ስፌቱ ሁሉ እኩል ነው። ደንበኛ ሲጠራው ግን አንገቱ ብቻውን አይዞርም፤ መላ ሰውነቱ አብሮ ይዞራል።

ላሊበላ ውስጥ በቅሎ የሚያከራይ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያጎበጠው ስፌቱ ነው ይላል። እሱም እንዲሁ ይል ነበር። የአባቱን ጉብጠት የእርሻ፣ የእህቱን የውባንቺን የእንስራ ነው ሲሉ ኖረዋል። ልጁ ማኅሌት ግን ኮርቻ አልሰፋችም፣ ሞፈር አልጨበጠችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዛ መነሣት ጀመረች። ጠበል ተጠመቀች፣ ማስታገሻ ዋጠች። ወገቧ ቀን ሲሠሩበት ይለቃል፤ ሲነጋ ሕመሙ ይመለሳል።

ባለፈው ጥቅምት ደሳለ፣ ውባንቺና ማኅሌት ሦስቱም ሐኪም ፊት ተቀመጡ።

«በቤተሰብ እንዲህ የሚያመው አለ?»

ማኅሌትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ለጥር ቀጠሮ ይዘዋል። ከዚያ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ በሽታም አብሮ ይጣራል። ደሳለ እስከ ሰባት ቤት በቃሉ ይቆጥራል።

«በዘራችን የለም» አለ።

ውባንቺ ቀና ማለት ስለማትችል ወለሉን እያየች ተናገረች። «እኔ ታዲያ ምንህ ነኝ፣ ወንድምዓለም? የሰው በቅሎ?»

ማኅሌት በሳቅ ጎኗን ያዘች።

«ሽማግሌዎቹ ጥር ይመጣሉ እኮ» አለ ደሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይምጡ። ከነወገቤ ይውሰዱኝ፣ አባዬ።»

ሐኪሙ የጻፈውን ሰረዘ። «በቤተሰብ የሚሄድ የአከርካሪ መገጣጠሚያ መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ገና እርግጠኛ አይደለሁም። ወልድያ ሄዳ ራጅ ትነሣ። እርስዎ ደግሞ ዘመድ ይጠይቁ፤ ጠዋት ወገቡ የሚደርቅ፣ ሲንቀሳቀስ የሚለቀው ማን ማን ነው? የእሷ እንደ እርስዎ ደርቆ ሳይቀር ብንደርስበት ይሻላል።»

ደሳለ ፍላቂት ገበያ ወጣ። እንዳለው የሚባለው የአጎቱ ልጅ እዚያ ገብስ ይሸጣል።

«ልጄን ልድር ስል ነው ወገብ የምትቆጥረው?» አለው የአጎቱ ልጅ። ከጆንያው ላይ ሲነሣ ግን በሁለት እጁ ወገቡን ደግፎ ነው።

ራጁ ተነሥቷል፤ ውጤቱ ገና ነው። በደሳለ ቆጠራ እስካሁን የገቡት አራት ናቸው፦ አባቱ፣ እህቱ፣ ልጁና እሱ ራሱ፤ እንዳለውን አላስገባውም። ላልደረሰባቸው ዘመዶቹ የሚለው ይህን ነው፦

«የአያቴ የምንይችል ዘር የሆናችሁ ሁሉ፣ ነገ ስትነሡ ወገባችሁ እስኪላቀቅ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ልብ በሉ። ላሊበላ በቅሎ ተራ መጥታችሁ ኮርቻ ሰፊው በሉ። ስማችሁን አልጽፍም። ደቂቃውን ብቻ ንገሩኝ።»