ከገዋኔ እስከ ሚሌ ያላየው መንገድ

ተስፋሁን ሾዴ ሹፌር የሆነው መቀመጥ ጠልቶ ነው። አባቱ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔ ነበሩ። ከጋሞ ደጋ መጥተው አርባ ዓመት ሙሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ተስፋሁንም እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ ከጎናቸው ተቀምጦ ሠርቷል። እጁ ጥሩ ነበር፤ ልቡ ግን እዚያ አልነበረም። አንድ ቀን የጀመረውን ነጠላ ሳይጨርስ ተነሥቶ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሊመዘገብ ሄደ። አባቱ ምን ሆነህ ነው ሲሉት፣ እንደ እርስዎ አንድ ቦታ ተቀምጬ ማርጀት አልፈልግም አላቸው። ሽማግሌው ክሩ እንዳይበላሽ ብለው ነጠላውን ራሳቸው ጨረሱት።

ይህ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል። ተስፋሁን በአይሱዙ ጀምሮ ወደ ባለተሳቢ ከባድ መኪና ተሸጋገረ፤ በመጨረሻም ስድስት ዓመት የጅቡቲን መስመር ነዳ። ሚስቱ ሐመልማል እዚያው ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት አይዳ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ቤታቸው ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው።

የጅቡቲን መንገድ የማያውቅ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው። ተስፋሁን ሙቀቱን ለምዶታል። ያልለመደው ከአዋሽ በኋላ ያለውን ሜዳ ነው። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ግራርና ድንጋይ፣ ደግሞ ግራርና ድንጋይ። ከፊት የሚታየው ተራራ አንድ ሰዓት ተነድቶም እዚያው ነው። መሪው አይዞርም፣ ማርሽ አይቀየርም። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩ ላይ የጫነውን መዝሙር ይሰማ ነበር፤ እየቆየ ጆሮው አልሰማ አለው። ከፊት የሚመጡትን ተሳቢዎች መቁጠር ሞክሮ ያንንም ተወው። ጓደኞቹ ጫት ይቅማሉ፤ የእሱ ጨጓራ አይችልለትም። ከአባቱ ጉድጓድ አመለጥኩ ብሎ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መቅረቱ የገባው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ለማንም ግን አልተናገረም።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ማታውን አዋሽ ከተማ አድሮ ደህና ተኝቷል። ገዋኔ ላይ ቁርሱን በላ፣ ሻይ ጠጣ፣ መኪናውን ዞሮ አየና ተነሣ። ከዚያ ቀጥሎ የሚያስታውሰው የሚሌን ቤቶች ነው። መሃል ላይ ያለውን ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈልገው አጣው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የመጀመሪያው አልነበረም፤ ሹፌሮች ሲገናኙ ይሳሳቁበታል፣ መኪናው መንገዱን ያውቀዋል ይባባላሉ። ተስፋሁንም ብዙ አላሰበበትም። ጎማ ሊያስነፋ ሸፊ ዘንድ ቆመ። ሸፊ ሚሌ ውስጥ ጎሚስታ ያለው፣ ለዓመታት የሚያውቀው ሰው ነው።

ሸፊ የአየር መሙያውን ቱቦ እየጎተተ በቀኝ በኩል ዞረና ቆመ። "ስፖኪዮህን ምን መታው?" አለው።

ተስፋሁን ሮጦ ዞረ። የቀኙ መስተዋት የለም። የያዘው ብረት ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ ብረቱ ላይ ደግሞ ክንድ የሚያህል አረንጓዴ መስመር ያለው ጨርቅ ተጠምጥሟል። በጣቱ ያዘው። ጆንያ ወይም ሸራ ቢሆን ደስ ባለው። ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ የሳሳ ጥጥ ነው፤ ሰው ለብሶት የኖረ ነገር ነው። ሸማኔ ቤት ያደገ ሰው ጨርቅ አይሳሳትም። የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ሸፊ ሊያጽናናው ሞከረ። ሰው ብትመታ ድምፁ ይነግርህ ነበር፣ ደም እንኳ የለም፣ ዛፍ ላይ የተሰጣ ልብስ ይሆናል አለው። ተስፋሁን መኪናውን አደራ ብሎት፣ ወደ ገዋኔ የሚመለስ የውኃ ቦቴ አስቁሞ ተሳፈረ። ስልኩ ከኪሱ ነበር፤ ለሐመልማል አልደወለም፤ ምን እንደሚላት አላወቀም። ዓይኑን ከመንገዱ ዳር ሳይነቅል ሄደ። ሰዎች ተሰብስበው ባየባቸው ሁለት ቦታ አስቁሞ ወርዶ ጠየቀ፤ ምንም የሰማ የለም። ምን እንደመታ፣ የት እንደመታ እንኳ ሊነግራቸው አልቻለም፤ ሰዎቹም ስለዚህ ግራ ገባቸው።

ሦስተኛው ቦታ ላይ መጠየቅ አላስፈለገውም። ከአስፋልቱ አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ለፍየል ጠባቂዎች ጥላ እንዲሆን በአራት እንጨት ላይ ጨርቅ ተወጥሮ ነበር። አንዱ እንጨት ከሥሩ ተሰብሮ ወድቋል፣ ጨርቁ ተቀድዶ መሬት ይዟል፤ አረንጓዴ መስመሩን ከሩቅ አወቀው። የጎማው ዱካ ጠጠሩን እየጫነ ወጥቶ ደግሞ ወደ አስፋልቱ ተመልሷል። አንዲት ወጣት የአፋር ሴት ሕፃን ልጅ ታቅፋ ቆማለች። አጠገቧ አማርኛ የሚችል አንድ ጎልማሳ ነበረ።

ተስፋሁን የመታሁት እኔ ነኝ አለ። ሰውየው ለሴትየዋ ነገራት። እሷ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። ሰውየው እየተረጎመ እንዲህ አለው፦

"ዓይንህ ተከፍቶ ነበር ትላለች። ፊት ለፊት ነበር የምታየኝ፣ እጄን አነሣሁልህ ትላለች። ያየኸኝ መስሎኝ ነው ልጄን ከጥላው ሥር ያላነሣኋት።"

ሴትየዋ ልጇ ተኝታ የነበረችበትን ቦታ አሳየችው። ከተሰበረው እንጨት አንድ ክንድ አይርቅም።

ተስፋሁን ቢያንስ ቢቆጡት፣ ቢመቱት ይሻለው ነበር። ማንም አልነካውም። ሰውየው፣ ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ፣ ዓይናችሁ ተከፍቶ ትሄዳላችሁ አለው፤ ያለውም እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ወሬ ነው። ተስፋሁን ሌላ እንጨት ፈልጎ ተከለ፣ የተቀደደውን ቋጥሮ ወጠረው፣ ጥላውንም ከመንገዱ ራቅ አድርጎ እንደገና እንዲሠሩት ለመነ። ሴትየዋ ሠርቶ እስኪጨርስ ልጇን ከእቅፏ አላወረደችም።

በማግስቱ ከሚሌ ተነሥቶ ወደ ጠረፉ፣ ወደ ጋላፊ ጉዞውን ቀጠለ፤ ጭነት ይዞ ነበርና ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የሚያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ እየጠራ ነዳ። ግራር። ፍየል። ሰው። ድንጋይ። ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ።

ቤቱ ከተመለሰ ሳምንት ሲሆነው አንድ ቀን ምሳ ላይ አይዳ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ወሬ ስታወራለት ቆይታ በድንገት አቋረጠችና፣ አባዬ እያየኸኝ እኮ አትሰማኝም አለችው። ተስፋሁን እጁን ከሳህኑ አነሣ። ልጅቱ ያጠፋች መስሏት ደነገጠች። ወደ ውጭ ሲወጣ ሐመልማል ተከትላው ወጥታ፣ ውኃ በርሜሉ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው። ያኔ ሁሉንም ነገራት።

ሐመልማል ጭንቅላቷ ላይ ያለውን ሻሽ ፈትታ እንደገና አሰረችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ስንት ጊዜ ሆኗል እንዲህ?"

"አላውቅም" አላት። "የማላውቀው እሱን ነው።"

ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ ዓይኑንም ጭንቅላቱንም መርምሮ ጤነኛ ነህ አለው፤ አንድ ዓይነት መንገድ ሲረዝም አእምሮ ሥራውን ለእጅና ለእግር ትቶ እንደሚሄድ፣ በየሰዓቱ ቆሞ መውረድና መንቀሳቀስ እንዳለበት መከረው። ተስፋሁን ምክሩን ለድርጅቱ የሥምሪት ኃላፊ ለአቶ ስብሐት ነገራቸው። አቶ ስብሐት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰምተው አዘኑ። ነገር ግን መኪናው ወደብ የሚደርስበት ቀን የተቆረጠ ነው አሉት። ተስፋሁን በየሰዓቱ እየቆመ ሁለት ዙር ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘገየ። ሦስተኛው ላይ ቁልፉን ራሱ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። አቶ ስብሐት ቁልፉን ሳያነሡ፣ እንግዲህ ምን ልበልህ አሉት።

አሁን ከሸጎሌ የሚነሣ ሚኒባስ ይነዳል። ሥራው አይመቸውም። ጩኸቱ፣ ግፊያው፣ ከትራፊክ ጋር መጨቃጨቁ ያደክመዋል፤ ግን መቶ ሜትር ሳይሄድ ወራጅ አለ የሚል አይጠፋም፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሣል። አጠገቡ የሚቀመጥ ተሳፋሪ ዝም ካለ ራሱ ወሬ ይጀምራል። አንዳንዱ ለፍላፊ ሹፌር ነው ብሎ ይስቅበታል።

ሌሊት ጥሩ ይተኛል። የሚከብደው ቀኑ ነው። ስድስት ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ላይ፣ ያላያቸው ሰዓቶች ውስጥ፣ እንጨትና ጨርቅ ብቻ እንደመታ የሚነግረው ሰው የለም። ያኔ ብረቱ ላይ ምልክት ቀረ። ምልክት ያልቀረበት ጊዜስ?

ያንን መስመር አሁንም የሚነዳ ሬድዋን የሚባል ጓደኛ አለው። ጓደኛው ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ተስፋሁን ቤቱ ድረስ እየሄደ፣ ባለፉት ዓመታት ከገዋኔ ወዲያ በመኪና ተገጭቶ ገጪው ያልታወቀ ሰው እንዳለ ሰምቶ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሬድዋን መጀመሪያ ይመልስለት ነበር፤ አሁን ወሬ ይቀይራል። ሐመልማልም ነገሩ ጆሮዋ ደርሶ፣ ሰውየውን አታስጨንቀው፣ ራስህንም ልቀቅ ብላ ለመነችው። እሺ አላት፤ ከልቡም ነበር። ቅዳሜ ግን የሬድዋን መኪና መግባቱን ሲሰማ ሚኒባሱን ለተረኛ አስረክቦ በእግሩ ወደ እሱ ቤት ሄደ።