ድመቷ ያሳለፈቻቸው ዲስኮች

በአውሮፕላን ሞተር ጥገና ወርክሾፑ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ድመቷ ነበር የሚሏት። ሥራዋ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላው ሰው ገብቶ ከጠረጴዛ ጋር በሚላተምበት ቦታ እሷ እንደ ሳሎኗ ትንጎራደድበታለች። ስሙን ያወጣላት አጣቢው ነው። አጣቢው ከሞተር ሆድ የወጣውን ብረት ሁሉ ከዘይትና ከጥላሸት የሚያጸዳ፣ ወሬ ከጀመረ ማቆሚያው የሚጠፋበት ሰው ነው። በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ብዙ ዘመን አብረው ሠርተዋል።

በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ እንደ ትልቅ ትሪ የተዘረጋ፣ ሰው ብቻውን የማያነሳው ክብ ብረት አለ፤ ዲስክ ይሉታል። ዙሪያውን ቅጠል የመሰሉ ስስ ብረቶች ተሰክተውበት እሳት መሃል ሲሽከረከር ይውላል። የዲስክ ዕድሜ በዓመት አይለካም፤ አውሮፕላኑ በተነሳና ባረፈ ቁጥር ነው የሚያረጀው። ሲነሳ ይግላል፣ ይወጠራል፤ ሲያርፍ ይበርዳል፣ ይላላል። ይህ ሲደጋገምበት ብረትም እንደ ሰው ይሰለቻል፤ አንድ ቀን ማንም ካላሰበው ቦታ ይሰነጠቃል። ቅጠሉ ቢሰበር የሞተሩ ልባስ ይይዘዋል። ዲስክ ከፈነዳ ግን የሚይዘው የለም፤ ያገኘውን ቆርጦ ያልፋል። ስለዚህ ደንቡ ጥብቅ ነው። ያረጀ ሞተር ቶሎ ቶሎ ይፈታል፤ ዲስኩ ይታጠባል፤ የሚያበራ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ላይ ላዩ ተጠርጎ ይደርቃል፤ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል። ከዚያ ወደ ድመቷ ጨለማ ይገባል።

እሷም መጀመሪያ ቁጭ ብላ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ትጠብቃለች። ይህም ደንብ ነው። ቀጥላ ሐምራዊውን መብራት ታበራለች። ጤነኛ ብረት ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ስንጥቅ ያለበት ከሆነ ግን ስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ፈሳሽ አረንጓዴ ክር መስሎ ብልጭ ይላል። ያኔ በጥጥ ትጠርገዋለች። ቆሻሻ ከሆነ በዚያው ጠፍቶ ይቀራል፤ ስንጥቅ ከሆነ እንዳልዳነ ቁስል ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያዣል። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይሄ ስንጥቅ ነው!» ካለች አለቃው እንኳ አይከራከራትም ነበር። አለቃው ራሱ በወጣትነቱ እዚያው ጨለማ ውስጥ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው ነው፤ ምን እንደምትችል ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው በበር መቃን ነው። አንድ ጠዋት የመኝታ ቤቷ በር መቃን መሃሉ ላይ ጎብጦ ታያት። ቤቱ አርጅቷል አለችና አለፈችው። ሰንበት ብሎ አጣቢው ተረቡን እየነዛ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሳለ ጆሮዎቹና ፀጉሩ ደህና ይታያሉ፤ አፍንጫውና አፉ ግን አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ያበሰው ይመስል ድብዝዝ ብለዋል። እንቅልፍ ማጣት ነው አለች። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ወደ ሥራዋ ገባች።

ያወቁባት አባቷ ናቸው። አባቷ የድሮ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ያገባችው ሰው ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። አንድ ምሽት ውሃ ቀድታ ስታቀርብላቸው ብርጭቆውን ሳይነኩ ቆዩ።

«ብርጭቆ ስታስቀምጪ ድሮ አንዴ ነበር ኮሽ የሚለው» አሏት። «አሁን መጀመሪያ ጠረጴዛውን በእጅሽ ትፈልጊያለሽ፤ ከዚያ ነው የምታስቀምጪው።»

«ደክሞኝ ነው አባዬ።»

«እኔም ደክሞኝ ነበር። የመርፌ ቀዳዳ ሲጠፋኝ ክሩ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ መብራቱ ነው አልኩ። የደንበኛዬ ፊት መሃሉ ሲጠፋኝ ግን የሰውየው ጥፋት ነው ልል አልቻልኩም።» ሳቅ አሉ።

እሷ አልሳቀችም። «መሃሉ?» አለች።

«መሃሉ ነው እንጂ። ዳር ዳሩ ይቀራል።» ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዙረው ድምፃቸውን አለሰለሱ። «አየሽ ልጄ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዓይንም እንደዚያው ነው። ሂጂና ታዪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«እርስዎ ታይተው ምን አተረፉ?»

«እኔማ ዘግይቼ ሄጄ ነው» አሉና ውሃውን ጠጡ።

ሄደች። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ የተማረችውን መርዶ ገና በወጉ ማርዳት አልለመደችም። ዓይኗን በመብራት ስትመረምር ቆይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«የሁለቱም ዓይንዎ መሃል ተጎድቷል» አለቻት። «መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እሱን ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት እየሸፈነ ባለቤቱ ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።»

«ወራት» አለች ድመቷ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ስለ ዓይኗ አላሰበችም። ያሰበችው ስለ ዲስኮቹ ነው። በዓመት አንዴ የመርማሪዎች ዓይን ይፈተናል፤ ያለፈውን ፈተና ያለ እንከን ነበር ያለፈችው፤ ቀጣዩ ገና ሩቅ ነው። በዚህ መሃል ስንቱን ብረት ደህና ነው ብላ ፈርማበታለች! አሁን በዚህች ሰዓት፣ እሷ መንገድ ላይ ቆማ ሳለ፣ እነዚያ ዲስኮች ሰማይ ላይ እየዞሩ ነው።

በማግስቱ መጀመሪያ የነገረችው ለአጣቢው ነው። ገንዳው አጠገብ ቆሞ ሰማት። ጓንቱን አውልቆ መልሶ አጠለቀው።

«ዘንበል ብለሽ በዳር ስታዪ ይታይሻል?»

«ይታየኛል። ደብዘዝ ብሎ።»

«ታዲያ እስከ ፈተናው ዘንበል እያልሽ ግፊው። አሁን ከተናገርሽ ጣጣው ላንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ይሄ ቤት እንዳለ ነው የሚገለበጠው። ደግሞ ምናልባት አንድም አልሳትሽ ይሆናል።»

«ምናልባት።»

«ምናልባት ከሆነ እንግዲህ…»

«በምናልባት ሰው አይሳፈርም» አለችውና ወደ አለቃው ቢሮ ወጣች።

አለቃው ሰምቶ እስኪጨርስ ብዕሩን ሲያገላብጥ ቆየ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ፊቱ ሲጠቁር አየችው፤ ያየችውም ዳር ዳሩን ነው።

«ቢያንስ እስከዚህ ወር ድረስ ደህና ነበርኩ የምትይው ጊዜ የለም?» አላት። «ትንሽ እንኳ ጠበብ ብናደርገው።»

«ብነግርህ ውሸት ነው።»

«እንደው በግምት?»

«ግምት ላይ ትፈርማለህ?»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ካለፈው የዓይን ፈተናሽ ወዲህ ያሳለፍሽው ሁሉ ይመለሳል» አለ ቀስ ብሎ። ደንቡን ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል፤ ግን በአንድም ሰው ላይ ሲደርስ አይተው አያውቁም። ደግ አደረግሽ አላላትም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ከዚያ ሞተሮቹ ከየክንፋቸው መውረድ ጀመሩ። አውሮፕላኖቹ ሜዳው ላይ ሞተር አልባ ተደርድረው ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ መሰሉ። በረራ ተሰረዘ፤ መንገደኛ ከነሻንጣው ወለል ላይ አደረ። የሠራተኛው ዕረፍት ተከለከለ፤ ፈረቃ በፈረቃ ላይ ተደረበ። ወርክሾፑም ለነገሩ ስም አወጣለት፦ የድመቷ ጣጣ። ምሳ ቤት ስትገባ የጠረጴዛው ጨዋታ ይቆማል፤ ስትቀመጥ አንዱ እጄን ልታጠብ፣ ሌላው ስልክ ልደውል ብሎ ይነሳል።

እሷን ዕቃ ቤት አደረጓት። በትንሿ መስኮት መፍቻና መዶሻ እያቀበለች ትውላለች። በእሷ ቦታ ከሌላ ወርክሾፕ አንድ መርማሪ መጣ፤ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው ስለሆነ ዝምተኛው አሉት። ዝምተኛው የተመለሱትን ዲስኮች አንድ በአንድ እያየ ደህና፣ ደህና ይላል። ደህና ባለ ቁጥር የእሷ ልብ መለስ ይላል፤ የሌላው ሰው ቆሽት ግን ያራል። በከንቱ እኮ ነው የምንለፋው፣ ይላሉ። አንድ መካኒክ መፍቻ ሊመልስ መጥቶ በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ።

«ያንቺን ዓይን ስናስታምም የልጆቻችንን ዓይን ካየን ሰነበትን» አላት።

መፍቻውን ተቀብላ ሰቀለችው። ምን ትመልስለታለች? እውነቱን ነው፤ ልጆቹን አላየም። ማታ ማታ ራሷም ተሳስቼ ይሆን እያለች ትገላበጥ ጀምራለች። አንድም አለመሳቷን አጥብቃ ትመኛለች፤ አንድም ካልሳተች ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው በባዶ ማሰቃየቷ ነው። ሁለቱም ምኞት እንቅልፍ አይሰጥም።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ዲስኮች ሲቀሩ ዝምተኛው ራሱ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ነይ፣ ግቢ» አላት። 

አጣቢው ገንዳው አጠገብ ቆሞ ሁለቱ ሲያልፉ አየ። 

ጨለማው ክፍል ገብታ ሳታስበው የድሮ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ እስኪለምድ ጠበቀች። ዝምተኛውም አብሯት ጠበቀ። ከዚያ መብራቱን አበራ።

«የብሎን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ» አላት።

አየች። ምንም የለም። ጎንበስ ብላ አጉሊ መነጽሩን አስጠግታ አየች። ቀዳዳውም ራሱ የለም፤ ድብዝዝ ያለ ነገር ብቻ።

«ጠርገኸዋል?»

«ሁለቴ። ሁለቴም አዥቷል።»

ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው ፊቷን ወደ ጎን መለስ አደረገች። ያኔ በዓይኗ ዳር መጣ፤ ከሽፋሽፍት የቀጠነ አረንጓዴ ክር። ቀና ብላ ልታየው ስትል ጠፋ። ፊቷን መለሰች፤ መጣ። አቀናች፤ ጠፋ።

«ፊርማው የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

ያን ዲስክ ያየችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ምንም ትዝ አላላትም። ተጠራጥራ ቢሆን፣ ደክሟት ቢሆን፣ ቸኩላ ቢሆን ትዝ ባላት። አልተጠራጠረችም። እንደማንኛውም ቀን ተቀምጣ፣ እንደማንኛውም ብረት አይታ፣ ደህና ነው ብላ በሙሉ ልቧ ፈርማ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነው። ዝምተኛው ሐምራዊውን መብራት አጥፍቶ የክፍሉን ትልቅ መብራት ሳያበራ ጥቂት ቆየ፤ እያለቀሰች እንደሆነ ገብቶት ነው።

መሐንዲሶቹ ዲስኩን ወስደው ብዙ ተከራከሩበት። ገሚሱ፣ ያኔ ስንጥቁ ገና ጥቃቅን ስለነበር የማንም ዓይን አይቶት አይገኝም አሉ። ገሚሱ ደግሞ የለም፣ በጤነኛ ዓይን ይታይ ነበር አሉ። እርግጡን የሚያውቅ አልተገኘም። ዲስኩ ዳግም ማንም እንዳይጠቀምበት ተቆራርጦ ተጣለ። በእሱ ሲበሩ የከረሙት መንገደኞች ሁሉ በሰላም ወርደው ወደየጉዳያቸው ሄደዋል፤ አንዳቸውም ምንም አልሰሙም። በወርክሾፑም ደንቡ ጠበቀ፤ የመርማሪ ዓይን በየመንፈቁ እንዲፈተን፣ ያረጀ ዲስክን ሁለት ሰው እንዲያየው ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የድመቷ ጣጣ የሚል አልተሰማም። ያ መካኒክ ወደ መስኮቱ ሲመጣ መሬት መሬት እያየ ዕቃውን ተቀብሎ ይሄዳል። ሰዎቹ አልጠሏትም፤ ሐዘን የደረሰበትን ሰው እንደሚሸሹት ሸሿት እንጂ። አለቃው በሥራዋ ማንም እንደማይመጣባት ነግሯት ነበር፤ ቃሉንም ጠብቋል። ግን መፍቻ ላይ የተጻፈችው ቁጥር ትንሽ ናት። አንዱን ሲጠይቋት ሌላውን ታቀብላለች። መጀመሪያ ተሳቀበት፤ ቆይቶ የሚስቅ ጠፋ። አንድ ቀን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች። አጣቢው እስከ በሩ ሸኛት፤ ብዙ አወራ፤ ምን እንዳወራ ሁለቱም አልያዙትም።

ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር ቀኑን ይገፉት ጀመር። አንድ ምሽት አባቷ «መብራት አብርተሻል?» አሏት።

«አላበራሁም።»

«ለምን?»

«ለማን ብዬ?»

አባቷ «ቆጣቢ ቤተሰብ ነን» አሉ።

ያን ጊዜ ሳቀች። ግን አብረው የሚስቁበት ጊዜ ብዙ አልቆየም፤ አባቷ በብርዱ ወራት ሳንባቸው ታሞ፣ ሦስት ቀን ሳይቆዩ አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ሰፋባት። ዕቃዎቹን ሁሉ በነበሩበት ትታቸዋለች፤ ቦታቸው ከተለወጠ አታገኛቸውም።

ኋላ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኘች። ከማድረቂያው ትኩስ ሆኖ የሚወጣውን አንሶላ ጫፍ ከጫፍ አገጣጥማ ታጥፋለች። ክፍሉ ነጭ ነው፤ መብራቱ ቀን ከሌት አይጠፋም። እዚያ ማንም ድመቷ አይላትም። ቀድሞ የት ነበርሽ ሲሏት «ወርክሾፕ» ብላ ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪዋ፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ ወጣት ሴት፣ አንድ አንሶላ ይዛ መጣች። እንግዳ አማርሮ የመለሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ ሁሉ እድፍ አይታይሽም እንዴ?»

«አይታየኝም» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ክርክር ጠብቃ ነበር። «ማለት?»

«መሃል መሃሉን አላይም። ስትቀጥሩኝ አልጠየቃችሁኝም፤ እኔም ሥራው ማጠፍ ብቻ መስሎኝ ነው። ዓይን የሚያስፈልገው ከሆነ ለሌላ ሰው ስጡት።»

ተቆጣጣሪዋ አንሶላውን ሰበሰበች። ከዚያ እጇን ይዛ ወደ ወዲያኛው ጠረጴዛ ወሰደቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎጣ ነው የምታጥፈው። እድፉን ሌላ ሰው ቀድሞ ያየዋል።