የኋላ ወንበሯን ያልሞከርኳት መኪና

በቆላዋ ከተማችን በሽንፋ ሞተር የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ ቤት ይጠቁሟችኋል። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከሰሊጥ ጆንያ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከትራክተር መመሪያ፣ ሥዕሉን ከቃሉ ጋር እያመሳከርኩ። የተማሩ ሰዎች ሞቷል ብለው የጣሉትን ትራክተር ብቻዬን ፈትቼ፣ ብቻዬን ገጥሜ፣ በዚያው ክረምት አርሼበታለሁ። ልመካ ብዬ አይደለም፤ የሆነውን ነው የምናገረው።

ስለዚህ የቤተሰብ መኪና ልገዛ ጎንደር ስወጣ ማንንም አላማከርኩም። መኪና ያስፈለገን በባለቤቴ ዓይን ምክንያት ነው። ሞራ ሸፍኖት አንዱ ጨርሶ ጨልሟል፤ ሁለተኛውም እየተከተለ ነበር። ጎንደር የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላታል፤ ከዚያም በኋላ መመላለስ አለ። በጭነት መኪና ተንጠላጥላ የምትሄድበት ዕድሜ አልፏል።

ሻጩ ሁለት መኪና አሳየኝ። ቁመታቸውም ሞተራቸውም አንድ ነው፤ ሁለቱም ሦስት ረድፍ ወንበር አላቸው። አንዷ ስታንዳርድ፣ ሌላዋ ፉል ናት።

«ፉሏ ምን ትርፍ አላት?» አልኩት።

«ስክሪን አላት፣ ካሜራ አላት፣ ወንበሯም ቆዳ ነው፣ አባቴ።»

«ቆዳ በእኛ አገር ሙቀት ቂጥ ይጠብሳል። ቀጥል።»

«ኤሲዋ በየረድፉ ከጣሪያ ይነፍሳል። የስታንዳርዷ ከፊት ብቻ ነው።»

«ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው? ሴትና ልጅ። እነሱ እንደሆኑ መኪና ሲነሳ ይተኛሉ።»

ሻጩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጀላቢያዬን ሰብስቤ ከስታንዳርዷ ሥር ገባሁ። ሻንሲዋን አንኳኳሁ፤ ዘይቷን በጣቴ አሸሁ፤ ሞተሯን አስነስቼ ጆሮዬን ደገንኩ። ሻጩ እንዲህ አድርጎ የሚያይ ሰው ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ፤ አመንኩት። በመጨረሻ ጋቢና ገብቼ ኤሲውን ስከፍተው ደጋ የወጣሁ መሰለኝ። ከኋላ ግን አልተቀመጥኩም። በእኛ አገር ጋቢና የሽማግሌ ነው፤ ጢሜ ከሸበተ ወዲህ ከኋላ የተቀመጥኩበት መኪና ትዝ አይለኝም። ስታንዳርዷን ገዛሁ።

ለቀጠሮው የተነሳነው በሚያዝያ ነው፤ ቆላው በሚነድበት ወር። በጠዋት መውጣት ሲገባን ጭነት አዘገየን። ቆላ ሰው ወደ ደጋ ባዶ እጁን አይወጣም፤ ለባለቤቴ ዘመዶች ሰሊጥና ማሽላ መያዝ ነበረበት። የመካከለኛውን ረድፍ አጥፈን ጆንያውን እስከ ጣሪያው ድረስ ደረደርነው። ባለቤቴ በተውንላት ጠባብ መግቢያ አልፋ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠች። የሚነዳው ልጃችን ነው፤ የልጆች አባት የሆነ ጎልማሳ።

«አባባ፣ እማዬ እዚያ ይሞቃታል። ማሽላውን ብንተወው?» አለ።

«እናትህ ቆላ ስትኖር አንተ አልተወለድክም። ዛሬ ከሙቀት ጋር ልታስተዋውቃት ነው?»

እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

መንገዱ አቧራ ስለሆነ የፊቱን መስታወት ዘጋን። የመጨረሻው ረድፍ መስታወት ቀድሞም አይከፈትም። እኔ የኤሲውን አፍ ወደ ደረቴ አዙሬ ያንን የትራክተሩን ታሪክ አወራ ነበር፤ ከጆንያው ማዶ እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ልጄ በጆንያው ክፍተት በኋላ ማያው መስታወት ሲያያት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላለች። ዝም ስትል እያዳመጠችኝ ነው አልኩ።

መንገዳችን ላይ ካለችው ከተማ ከገንዳ ውሃ ስንደርስ አንድ ወዳጄ ከሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ አየኝ።

«ይህች የማን ናት?» አለኝ።

«የማን ትመስልሃለች?»

«የባለሥልጣን። አንተን ሹፌር አድርገው ቀጥረውህ ነው?»

ላሳየው ወረድኩ። ሞተሯን አሳየሁት፣ ጎማዋን አስረገጥኩት፤ ከዚያ ስፋቷን ይይልኝ ብዬ የኋላውን በር ከፈትኩ። የወጣው ወላፈን ፊቴን መለሰው። ባለቤቴ አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል። ነጠላውን ሳነሳ ፊቷ ቀልቶ ደርቋል፤ አንዲት ጠብታ ላብ የለበትም። ጠራኋት። በሞተ ወንድሟ ስም ጠርታ መለሰችልኝ።

የሚነድ ሞተር በጆንያ አፍኜ ያጠፋሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እጄ ከበሩ ላይ አልላቀቅ አለ። ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያስገቧት ልጄና ወዳጄ ናቸው።

ነርሷ ጉሉኮስ እየሰካችላት ጠየቀችኝ።

«መኪናው ኤሲ የለውም እንዴ?»

«አለው።»

«ታዲያ?»

«ከፊት ነው።»

ነርሷ ጀላቢያዬን አየች። እኔም አየሁት። ከአንገቱ እስከ ጫፉ ደረቅ ነው፤ ላብ አልነካውም።

ባለቤቴ እንቅልፍ ሲወስዳት ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ልጄን ሞተር አስነስቶ፣ ኤሲውን ከፍቶ በሩን እንዲዘጋብኝ አዘዝኩትና በጆንያው አጠገብ አልፌ እሷ የነበረችበት ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ደረቴን ነካ። ፀሐዩ በመስታወቱ በኩል ማጅራቴ ላይ አረፈ። ከፊት የሚነፍሰውን እሰማዋለሁ፤ እኔ ጋ የሚደርስ ግን የለም። የምስበው አየር መልሶ የራሴው ትንፋሽ ሆነብኝ። ብዙ አልቆየሁም፤ መስታወቱን በመዳፌ ደበደብኩት።

ልጄ ከፈተልኝ። የሚስል መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው እያለቀሰ ነው።

«እማዬ ለምን ያላንኳኳች ይመስልዎታል?» አለኝ።

ለጥያቄ መልስ አጥቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። የመኪናዋን በር ዘግቼ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ።

ከሰዓት ባለቤቴ ነቃች። «ይቅር፣ እንመለስ» ስላት «ዓይኔን ልታስቀሩብኝ ነው ወይ?» አለች። ጆንያውን በሙሉ ወዳጄ ዘንድ አራገፍነው። እሷ ጋቢና ገባች፤ እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። መንገዱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ሳትዞር ተናገረች።

«አንቱ፣ ከኋላ እንደማይነፍስ ሻጩ ነግሮዎት ነበር?»

ልጄ በመስታወቱ አየኝ። ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር፤ ዕቃ ሲበዛ ብልሽት ይበዛል ማለት እችል ነበር።

«ነግሮኛል» አልኩ።

«ምን አሉት?»

ያልኩትን ነገርኳት፤ መሳቃችንንም ጭምር። ቅዝቃዜው ሲመጣ መስታወቷን ዝቅ አደረገች።

«እኔ መኪና ላይ ተኝቼ አላውቅም» አለች። ቀጥላም ወደ ልጇ ዞረች። «ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ የማየው ይህችን መኪና እንዳይሆን። ራቅ አድርገህ አቁማት።»

ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ተደረገላት፤ መኪናዋን ከሆስፒታሉ ሁለት ሰፈር አልፈን አቆምናት። ፋሻው ሲፈታላት ባለቤቴን ይዤ እስከ መኪናዋ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሬ ወረድኩ፤ እሷ የየሱቁን ቀለም እየጠራች፣ እኔ እያዳመጥኳት።