ጦር ከሌለበት አገር የመጡት ጎረቤታችን

ክፍል ውስጥ የአገር ስም በዕጣ ስናወጣ ለእኔ ኮስታሪካ ደረሰችኝ። ትንሽ አገር ናት፤ ጦር ሠራዊት የላትም። ይህን ለእማዬ ስነግራት የምታጥበውን ሰሃን ተወችው። ሃያ ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድሜ አገር ቤት ለውትድርና እንዳይወስዱት ፈርቶ አክስቴ ቤት ተደብቋል።

«እታች ያሉት ሴትዮ ከዚያ አይደሉ እንዴ? በይ ሂጂና አገራቸው የሰው አገር ሰው ይቀበል እንደሆነ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

አሜሪካ መጥተን ጋርላንድ ከተማ ከገባን ጀምሮ ሴትዮዋን አናግሬያቸው አላውቅም፤ ሰው እፈራለሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ ጥያቄው ጠፋብኝና እንደ እማዬ ሰላምታ አበዛሁ። ደህና ነዎት? እናትዎስ? ባለቤትዎስ?

ሴትዮዋ ሳቁ። «እናቴ ደህና ናት። ባል የለኝም። ድመቴም ደህና ናት» አሉኝ። አፈርኩ።

«እውነት አገርዎ ውስጥ ወታደር የለም?»

«የለም። እኛ እንዲያውም ደህና ነኝ ለማለት ‹ንጹሕ ሕይወት› ነው የምንለው።»

«ሃያ ዓመት የሞላቸው ልጆችስ ምን ይሠራሉ?»

«ይማራሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ እናታቸውን ያስቸግራሉ።»

ደስ አለኝ። ወንድሜ ይህን ሁሉ ይችላል። ስለ እሱ ልጠይቃቸው ስል ግን በሰላምታዬ መሃል ልጆቻቸውን መዝለሌ ትዝ አለኝ። ነውር እንዳይሆንብኝ ብዬ «ልጆችዎስ ደህና ናቸው?» አልኳቸው።

ሳቃቸው ጠፋ።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እዚህ ካመጣሁት በኋላ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባ። ከደወለልኝ ወር አለፈው።»