ግማሽ ጉልበትና የአራት ገጽ አቤቱታ

ሠፈርተኛው «ውሃ ልክ» ይለኛል። በር ገጣሚ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በርና መስኮት ገጥሜያለሁ። ስሙ ግን ከሥራዬ አልመጣም፤ ከአፌ ነው የመጣው። ግንበኛ ቢያጣምም፣ ጸሐፊ ቢያረፍድ፣ ጎረቤት ቆሻሻውን መንገድ ላይ ቢደፋ ዝም ማለት አልችልም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ሞላሁት፤ ያን ሁሉ ንባቤንም አቤቱታ መጻፊያ አደረግሁት። ሰው ይፈራኛል ብዬ አምን ነበር። ባለቤቴ ግን «አይፈሩህም፣ ሰልችተውሃል» ትላለች።

ቀኝ ጉልበቴ ያለቀው ተንበርክኬ የበር የታች ማጠፊያ ሳስር ነው። ያለቀውም ውስጠኛው ጎኑ ብቻ ነበር፤ ውጪኛው ደህና ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሙሉ ጉልበቴን ከመቀየር ያለቀውን ግማሽ ብቻ በብረትና በፕላስቲክ ሊተካልኝ ወሰነ። እግሮቼ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ደጋን ጎበጥ ያሉ ናቸው።

«ዶክተር፣ መቼም ከከፈቱት አይቀር ቀጥ ያድርጉልኝ» አልኩት።

«ቀጥ አላደርገውም ጋሼ። ከመታመሙ በፊት እንደነበረው ነው የምመልስልዎ።»

ሰማሁት። ግን የትሕትና ንግግር መሰለኝ። እኔም ለደንበኛ «እንሞክራለን» ብዬ ነው የምጀምረው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ወደ ቤት ስሸኝ በየቀኑ ጉልበቴን እንዳጥፍና እንድዘረጋ፣ በሳምንት ሁለት ቀንም ፊዚዮቴራፒ ክፍል እንድመጣ ታዘዝኩ። ካልታጠፈ ጠባሳው ይይዘዋል፣ ይገትረዋል አሉኝ። ጉልበቱ ካልታጠፈ ደግሞ እኔ በር ገጣሚ አይደለሁም፤ በር ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነኝ።

እኔ ግን መጀመሪያ ሥራውን ልፈትሽ አልኩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቆሜ የተነሳሁትን የሁለቱንም እግሮቼን ራጅ የመስኮቱ መስታወት ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በማስመሪያ አሰመርኩ። ሁለቱ መስመሮች አንድ አልሆኑም። በፕሮትራክተር ለካሁ፤ ሦስት ዲግሪ!

«ጠማማ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ማን?»

«ጉልበቴ!»

«ድሮስ?»

አላመነችም ብዬ ውሃ ልኩን አምጥቼ ቅልጥሜ ላይ አጋደምኩት። ቆማ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉልበት ነው ወይስ ቁም ሳጥን? ይልቅ እንዳዘዙህ እጠፈው።»

«ተጣሞ የተገጠመ ነገር አላንቀሳቅስም። መጀመሪያ ይነቀልና ይስተካከል!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊዚዮቴራፒውን ትቼ፣ እግሬን ትራስ ላይ ዘርግቼ አቤቱታ ጻፍኩ። አራት ገጽ። «የሙያ ሥነ ምግባር» የሚለውን ቃል ሰባት ቦታ አስገባሁ፤ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ላክሁና ግልባጩን ለሦስት ቢሮዎች በተንኩ።

ሐኪሙ አስጠራኝ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ራጄንና ፕሮትራክተሬን ይዤ ገባሁ።

«ሦስት ዲግሪ ነው ያሉት ጋሼ?»

«ሦስት!»

«በትክክል ለክተዋል።»

ደረቴን ነፋሁ።

«የግራውንስ ለኩት?»

ግራው አልታመመም፣ ማን ይለካዋል? ማስመሪያውን አቀበለኝ። በገዛ እጄ አሰመርኩ፣ በገዛ ፕሮትራክተሬ ለካሁ። ሦስት።

«ተፈጥሮዎ ይኸው ነው» አለ። «የቀኙ ውስጡ ሲያልቅ ሰባት ደርሶ ነበር። ጨርሼ ቀጥ ባደርገው ክብደትዎ ወደ ደህናው ጎን ይዞርና እሱንም ይጨርሰዋል። ጠማማውን እንዳለ ብተወው ደግሞ ሸክሙ ሁሉ አዲሱ ፕላስቲክ ላይ ይወድቃል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ይላላል። ስለዚህ በራስዎ ልክ ገጠምኩት።»

ያዘመመ አሮጌ ቤት ውስጥ በር ስገጥም እኔ ራሴ ውሃ ልኩን ኪሴ ከትቼ መቃኑን ነው የምከተለው። ቀጥ ያለ በር እዚያ እንደማይዘጋ ለስንቱ ባለቤት እየተቆጣሁ አስረድቻለሁ! የራሴን የሃምሳ ስምንት ዓመት ገላ ግን ትናንት እንደተሠራ ፎቅ ቆጠርኩት።

«ግድ የለም» አለ ሐኪሙ። «እስቲ ተረከዝዎን ወደ ኋላ ይሳቡት።»

ሳብኩት። ትንሽ ሄዶ ቆመ። ጥርሴን ነክሼ ሳብኩ፤ ንቅንቅ የለም። የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። ያኔውኑ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሰደደኝ።

ባለሙያዋ የልጄ እኩያ ናት። ጉልበቴ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለካችና «ስልሳ ዲግሪ ብቻ» አለች። «ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ምን ሲሠሩ ከረሙ?»

«ስጽፍ ነበር።»

«በጉልበትዎ ነው እንዴ የሚጽፉት?»

ከዚያ ወዲያ ያስጮኸችኝ ጩኸት እኔ ዕድሜ ልኬን በሰው ላይ ከጮኽኩት ሁሉ ይበልጣል። «ልጄ፣ በቃኝ!» ስላት «ገና አልጀመርንም» ትላለች። አቤቱታዬን በግማሽ ገጽ ሻርኩት፤ ለሦስቱም ቢሮዎች ግልባጭ ላክሁ። ማንም አልመለሰልኝም። የመጀመሪያውንም ያነበበው ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በሦስተኛው ወር ለካችኝ። መቶ አምስት። ደረጃ እወጣለሁ፣ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ፤ ለታች ማጠፊያ ግን እንደ ድሮው መንበርከክ ስላቃተኝ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የማስረው።

«በሰዓቱ ብጀምር ኖሮ ስንት ይደርስ ነበር?» አልኳት።

«መቶ ሃያ። ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ይጨምራል። ያን ያህል ግን አይመስለኝም።»

ደሜ ፈላ። ይህ ነገር በዝምታ መታለፍ የለበትም፤ አንድ ሰው በኃላፊነት መጠየቅ አለበት ብዬ ቀና ስል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። እሷ ደግሞ ሥራዋን በደንብ ሠርታለች።