ወደ ግራ የሚበረው ሮኬት

ሃርትቪግ ዜልማን ሠላሳ አራት ዓመት በጀርመኗ ካሰል ከተማ የትራም ፍሬን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ደግ ነው፤ በረዶ ሲጥል የአሮጊት ጎረቤቱን ደጅ ሳይለመን ይጠርጋል። በአንድ ነገር ብቻ ግን ይቀናል፤ በሥዕል።

በልጅነታችን ስለ ሕዋ ጉዞ የሚተርኩ ርካሽ፣ ቀጫጭን መጽሔቶች በየሳምንቱ ጋዜጣ መሸጫው ላይ ይወጡ ነበር። እኛ የምንሰበስበው ሠዓሊው ለሽፋናቸው በካርቶን ላይ በእጁ የሳለውን ዋናውን ሥዕል ነው። ማተሚያ ቤቶቹ ሥራቸው ካለቀ ወዲያ አብዛኛውን ስለጣሉት የተረፈው ጥቂት ነው። ሃርትቪግን ጨምሮ ስድስት ነን። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት አንድ ቢራ ቤት ጓዳ ውስጥ እንሰበሰባለን። አዲስ ሥዕል ያገኘ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያመጣዋል፤ እስኪገለጥ ድረስ ቢራ የሚቀምስ የለም።

ባለፈው ግንቦት ብርድ ልብሱን የገለጠው ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሉድገር ነበር። በሳተርን ቀለበት ላይ የሚበር ቀይ ሮኬት! ሃርትቪግ በአሥራ አንድ ዓመቱ ታሞ ተኝቶ ያነበበው የመጀመሪያው መጽሔት ሽፋን፣ አርባ ዓመት ሙሉ ፈልጎ ያጣው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከየት አባህ አገኘኸው?»

«ከሠዓሊው ልጅ ቤት፣ ከድንች ከረጢት ጀርባ» አለ ሉድገር እየተፍለቀለቀ።

ሃርትቪግ መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ወዳጄ፣ ይኼ ሮኬት ወደ ግራ ነው የሚበረው።»

«ታዲያስ?»

«ሽፋኑ ላይ ወደ ቀኝ ነው። አንዱ አጭበርባሪ የሽፋኑን ፎቶ ስላይድ ገልብጦ ግድግዳ ላይ አብርቶ ቀድቶታል። ተበላህ!»

አስታወስን፤ እውነትም ወደ ቀኝ ነበር። «መምህራችን፣ ግራና ቀኝ ሳትለይ ነው ጡረታ የወጣኸው?» አለ አንዱ፤ ጓዳው በሳቅ ተሞላ። ሉድገር ሥዕሉን መልሶ ጠቀለለ።

ሃርትቪግ ግን እውነቱን ያውቅ ነበር። ለመጽሔቱ ስም ቦታ ሲጠባቸው አታሚዎቹ የሥዕሉን ፊልም ገልብጠው ግራና ቀኙን ያቀያይሩት እንደነበር አንድ ሽማግሌ የማተሚያ ሠራተኛ ነግሮታል። ይህን ለማናችንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም ነበር።

በሰኔ ሉድገር ባዶ እጁን መጣ።

«ያ ሥዕል የት ደረሰ?» አለ ሃርትቪግ፣ ግድ እንደሌለው ሰው።

«ኢርምትራውት ወሰደችው። ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ፣ በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ ሸፈነችበት።»

«ሚስትህ አብዳለች? እዚያ እኮ እርጥበት ነው!»

«ለቅጂ ምን ቸገረህ?»

«የውሃ ቀለም ነው፣ አንተ ሰው! ይለቃል!» ሃርትቪግ ከወንበሩ ተነስቷል። «ቅጂ አይደለም። እውነተኛው ነው። ሲያትሙ ፊልሙን የገለበጡት አታሚዎቹ ናቸው። አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?» አለ ሉድገር።

«ያንተ ስለሆነ።»

ሉድገርም ከወንበሩ ተነሳ። ሊመታው ነው ብዬ ነበር። «አንተ የተረገምክ ምቀኛ» አለ፤ «ኮትህን ልበስ። የምታወጣው አንተ ነህ።»

እኔም ተከትያቸው ሦስታችን ወደ ሉድገር ቤት ሄድን። ሃርትቪግ ካርቶኑን ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ደረቱ ላይ ይዞ ደረጃውን ወጣ። አንዱ ጥግ በእርጥበት አብጧል፤ ሮኬቱ ግን ተርፏል። ሉድገር ሳሎን ውስጥ ምስማር ሲመታ «ትንሽ ወደ ላይ… ጠመመ… አሁን» እያለ ያሰቀለው ራሱ ሃርትቪግ ነው።

ኢርምትራውት የፕለም ኬክ አቀረበችና ከሥዕሉ ትይዩ ያለውን ወንበር ሳበችለት። እሱ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ምነው፣ አታየውም እንዴ?» አለችው።

«እያየሁትማ» አለ ሹካውን አንስቶ፣ «ኬኩ አይወርድልኝም።»